ኤሌክትሪክ ብስክሌት ከካምፐር ተሳቢ ጋር፦ የትኛው መጫኛ ይታመናል?

የብስክሌት መጫኛ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ኪሎ ይችላል?» ብሎ ነው። መጫኛው መኪና ላይ የሚታሰር ከሆነ ጥያቄው በቂ ሊሆን ይችላል። ከመኪናው ኋላ ካምፐር ተሳቢ (በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ቤት) ሲኖር ግን ከኪሎው የሚቀድም ጥያቄ አለ፦ ክብደቱ የሚያርፈው የት ላይ ነው? መኪና ላይ ለዓመታት ያለ ችግር ያገለገለ መጫኛ ተሳቢ ጀርባ ላይ ሲሰቀል በአንድ ረጅም ጉዞ ብየዳው ሊሰነጠቅ ይችላል። ጥፋቱ የመጫኛው አይደለም፤ የቦታው ነው። ስለዚህ መጫኛዎቹን እዚህ የምንመዝናቸው በሚታሰሩበት ቦታ ለይተን ነው። በስም የምንጠራቸው ጥቂቶቹ አንድ የተለየ ነገር ስላላቸው ብቻ ነው።

መጀመሪያ ሚዛን

ተራ ብስክሌት ከ10 እስከ 15 ኪሎ ይመዝናል። ኤሌክትሪክ ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ኪሎ ነው። 4 ኢንች የሚሰፋ ጎማ ያለው ዓይነት ደግሞ ከ30 አልፎ 35 ኪሎ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ውስጥ ባትሪው ብቻውን ከ2.5 እስከ 4.5 ኪሎ ይይዛል። ፋብሪካው የሚጽፈው ክብደት ብዙ ጊዜ ቅርጫቱን፣ የልጅ ወንበሩንና ቁልፉን አይጨምርም። ወፍራም የሰንሰለት ቁልፍ ብቻውን ከ2 ኪሎ በላይ ሊሆን ስለሚችል ወረቀቱ ላይ ካለው ይልቅ ራስዎ የመዘኑትን ይመኑ።

አመዛዘኑ ቀላል ነው። የቤት ሚዛን ከፊት ጎማው ሥር ያስቀምጡ። የኋላ ጎማው ከሚዛኑ ጋር እኩል ከፍታ ባለው ጣውላ ላይ ይቁም። ብስክሌቱ እንዳይወድቅ በጣት ብቻ ደገፍ አድርገው ያንብቡ፤ በእጅዎ ከተጫኑት ወይም ካነሱት ቁጥሩ ይዛባል። ከዚያ ቦታ ቀይረው የኋላውን ጎማ ይመዝኑና ሁለቱን ይደምሩ። የመጫኛውንም ክብደት መደመር ያስፈልጋል። ብስክሌቱ በጎማው የሚቆምበት መደብ ያለው፣ ለኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚበቃ መጫኛ ራሱ 20 ኪሎ አካባቢ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥም አለ። እያንዳንዳቸው 28 ኪሎ የሆኑ ሁለት ብስክሌቶች 24 ኪሎ በሚመዝን መጫኛ ላይ ሲቆሙ በድምሩ 80 ኪሎ ይሆናሉ። ከዚህ በታች ያለውን ስሌት ሁሉ በዚህ ቁጥር እንሥራው።

ተሳቢው ከመጎተቻ ኳሱ (ከመኪናው ኋላ ካለው፣ ተሳቢው ከሚያያዝበት ክብ ብረት) እስከ አክስሉ 4 ሜትር ይርዘም። 80 ኪሎው ከአክስሉ 3 ሜትር ኋላ ቢሰቀል፣ 80 ሲባዛ በ3 ሲካፈል ለ4፣ ማለትም 60 ኪሎ ከመጎተቻ ኳሱ ላይ ያነሳል። ተሳቢው 1500 ኪሎ ሆኖ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ጫና 180 ኪሎ ከነበረ ድርሻው 12 በመቶ ነበር። ብስክሌቶቹ ከኋላ ከተሰቀሉ በኋላ አጠቃላይ ክብደቱ 1580፣ የኳሱ ጫና ግን 120 ኪሎ ይሆናል፤ ድርሻው ወደ 7.6 በመቶ ወረደ ማለት ነው። በሰሜን አሜሪካ አሠራር ለእንዲህ ዓይነት ተሳቢ የሚመከረው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው። ጫናው ከዚያ ሲያንስ ቁልቁለት ላይ ወይም ትልቅ የጭነት መኪና አጠገብ ሲያልፍ የተሳቢው ጀርባ ወዲያ ወዲህ መወዛወዝ ይጀምራል። ከአክስሉ ርቆ የተንጠለጠለ ክብደት ሌላም ጣጣ አለው፦ ውዝዋዜው አንዴ ከጀመረ በቶሎ አይረጋም።

ይህንኑ 80 ኪሎ ከፊት፣ ከኳሱ 80 ሳንቲ ሜትር ኋላ በተሳቢው ክንድ (ተሳቢውን ከኳሱ ጋር በሚያገናኘው የፊት ብረት) ላይ ብናደርገው ስሌቱ ይገለበጣል። 80 ሲባዛ በ3.2 ሲካፈል ለ4፣ 64 ኪሎ በኳሱ ላይ ይጨምራል። በአውሮፓ ብዙ መኪኖችና መጎተቻዎች ከ50 እስከ 100 ኪሎ ብቻ ስለሚፈቅዱ አስቀድሞ 70 ኪሎ የሚጫን ተሳቢ ይህን ሊሸከም አይችልም። ከፊትም ከኋላም ነጻ ቦታ የለም፤ ሁለቱም ሒሳብ አላቸው።

የኳስ ጫናን ለመለካት ልዩ መሣሪያ ባይኖርም ይቻላል። ጠንካራ ጣውላ ወስደው አንዱን ጫፍ በጡብ ላይ፣ ሌላውን በቤት ሚዛን ላይ ያሳርፉ። ሁለቱም ጫፎች በቀጭን ቱቦ ላይ ቢያርፉ ይሻላል፤ በቱቦዎቹ መካከል ያለው ርቀት 120 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የተሳቢውን የፊት ክሪክ እግር ከጡቡ በኩል 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ያሳርፉ። ሚዛኑ የሚያነበውን (የባዶ ጣውላውን ንባብ ቀንሰው) በ3 ያባዙ። ሚዛኑ 50 ካለ የኳሱ ጫና 150 ኪሎ ገደማ ነው። ተሳቢው ለጥ ባለ መሬት ላይ፣ ጎማዎቹ ታኮ ተደርጎባቸው፣ ለጉዞ እንደሚጫን ሙሉ በሙሉ ተጭኖ መሆን አለበት። የውሃ ጋኑም ከግምት ይግባ፤ 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፣ ጋኑ ከአክስሉ ኋላ ከሆነ ደግሞ ከብስክሌቶቹ ጋር ተደምሮ ከኳሱ ላይ ያነሳል።

ፓራውልት ላይ የሚታሰረው፦ አይገዛ

ብዙ ካምፐሮች ከኋላ 10 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ ፓራውልት አላቸው። ሲያዩት ጠንካራ ይመስላል። ግን ግድግዳው ስስ ነው፤ ውስጡ ባዶ የሆነውም የፍሳሽ ቱቦ እንዲቀመጥበት ነው። ከቻሲው ጋር የሚያገናኙት በሁለቱ ጎኖች ያሉ አጫጭር ብየዳዎች ብቻ ናቸው። በላዩ ላይ በብሎን የሚቆነጠጥ መጫኛ ርካሽና በደቂቃዎች የሚገጠም ስለሆነ በብዛት ይሸጣል፤ ለኤሌክትሪክ ብስክሌት ግን ትክክል አይደለም።

የሚሰበርበት መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። 80 ኪሎው ከፓራውልቱ 60 ሳንቲ ሜትር ወደ ኋላ ሲንጠለጠል ቱቦውን ወደ ታች ከመጫን ይልቅ ይጠመዝዘዋል። ተሳቢው ጉድጓድ ሲመታ ይህ ጥምዘዛ ለቅጽበት እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ወዲያው ይመለሳል፤ ደግሞ ይመጣል። ብረት አንዴ ተጭኖ የሚችለውን ኃይል በሺህ የሚቆጠር ጊዜ ሲደጋገምበት አይችለውም። ስንጥቁ ከብየዳው ጠርዝ ይጀምራል። መጀመሪያ የሚታየው ቀለሙ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ነው፣ ከዝናብ በኋላ ከዚያው መስመር ቡናማ የዝገት ውሃ ይወርዳል። ያን ምልክት ያየ ሰው ብስክሌቶቹን እዚያው ማውረድ አለበት። ቀጣዩ ደረጃ ፓራውልቱ፣ መጫኛውና ብስክሌቶቹ አንድ ላይ አስፋልት ላይ መውደቅ ነው፤ ከኋላ የሚመጣው ሾፌር ደግሞ ምንም ማስጠንቀቂያ የለውም።

ትርፍ ጎማው ራሱ በዚሁ ፓራውልት ላይ ተሰቅሎ ከሆነ ነገሩ ይብሳል። በአንዳንድ ተሳቢዎች ላይ ፓራውልቱ ከትርፍ ጎማ በስተቀር ምንም እንዳይሸከም የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይገኛል። ከፓራውልት እስከ ቻሲ የሚዘረጉ የድጋፍ ክንዶች ለብቻቸው ይሸጣሉ። ጥምዘዛውን ይቀንሳሉ፣ ነገር ግን ከላይ ያሰላነውን የኳስ ጫና ችግር በአንድ ኪሎ እንኳ አያሻሽሉም።

ከቻሲው ጋር የተበየደ ሪሲቨር

ከኋላ መጫን ግድ ከሆነ ተቀባይነት ያለው መንገድ ይህ ነው። ሪሲቨር የምንለው መጫኛው የሚሰካበት አራት ማዕዘን ቱቦ ነው፤ 2 ኢንች የሆነውን ይምረጡ፣ 1¼ ኢንቹ ለዚህ ክብደት ጠባብ ነው። ሪሲቨሩ በሁለቱ የቻሲ ብረቶች መካከል በተዘረጋ አቋራጭ ብረት ላይ መታሰር አለበት፣ ፓራውልቱን ሳይነካ። ሥራውን ተሳቢ የሚሠራ በያጅ ይሥራው። የካምፐሩ ፋብሪካ ቻሲው ላይ መበየድን ይፈቅድ እንደሆነ አስቀድመው ይጠይቁ፣ አንዳንዱ ዋስትናውን ይሰርዛል። ብየዳ ካልተፈለገ በብሎን የሚታሰር ዓይነት አለ። ጥንካሬው 8.8 የሆነ ኤም 12 ብሎን ወደ 80 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፤ የመጫኛው መመሪያ ሌላ ቁጥር ካለው የመመሪያውን ይከተሉ። ዳዶው ናይለን ያለበት፣ በንቅናቄ የማይላላው ዓይነት ይሁን።

ከዚያ መጫኛው ራሱ ይመረጣል። እዚህ ላይ ነው ብዙ ገንዘብ በከንቱ የሚጠፋው። ለመኪና ተብለው ከሚሸጡት ውድና ጥሩ መጫኛዎች ብዙዎቹ በመመሪያቸው ላይ «ተሳቢ ላይ አይጠቀሙ» ይላሉ፤ ሣጥኑ ላይ ግን አይጻፍም። ምክንያቱ ቀላል ነው። የመኪና ጀርባ በአራት ጎማና በሾክ ተደግፏል። ብዙ ካምፐር ግን ባሌስትራ ብቻ እንጂ ሾክ የለውም፣ ከአክስሉ ኋላ የተረፈው ክፍልም እንደ ጅራት ይገረፋል። ስለዚህ ሲገዙ መመሪያውን ከፍተው ተሳቢ የሚፈቀድ መሆኑን የሚገልጸውን መስመር በዓይንዎ ይዩ፤ የሻጭ ቃል አይበቃም።

ይህን በግልጽ ከሚያሟሉት አንዱ የሆሊውድ ራክስ «አርቪ ራይደር» ነው። ለካምፐርና ለተሳቢ ተብሎ የተሠራ ሲሆን ሁለት ብስክሌት፣ እያንዳንዱን እስከ 80 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 36 ኪሎ ይይዛል። ብስክሌቱ መደቡ ላይ በጎማው ይቆማል፤ ከላይ የሚወርድ መንጠቆ ፍሬሙን ይይዘዋል። ጥሩ ጎኑ ዓላማው ግልጽ መሆኑ ነው። ደካማ ጎኑ ፍሬሙን ስለሚይዝ የላይ ብረት ለሌለው፣ ዝቅ ብሎ ለሚወጣበት ብስክሌት ተጨማሪ ተሻጋሪ ዘንግ መፈለጉ ነው። የካርቦን ፍሬም ያለው ሰው ደግሞ ፍሬም ከሚቆነጥጥ ይልቅ ሁለቱን ጎማ ብቻ የሚይዝ ዓይነት ይፈልግ፤ ካርቦን ከጎን መጨመቅን አይወድም።

መጫኛው ሪሲቨሩ ውስጥ ትንሽ እንኳ መንገዳገድ የለበትም። በመጫኛው ቱቦና በሪሲቨሩ መካከል ያለው የሚሊ ሜትር ክፍተት ጫፉ ላይ ሲደርስ የብዙ ሳንቲ ሜትር ውዝዋዜ ይሆናል። ተራ ፒን ክፍተቱን አይዘጋም። ክር ያለው መቆለፊያ ብሎን ወይም ከውጭ በሁለት ዳዶ የሚጠብቅ ማጥበቂያ ያስፈልጋል። አጥብቀው ሲጨርሱ የመጫኛውን ጫፍ ይዘው ይነቅንቁት፤ ተሳቢው አብሮ ከተነቃነቀ ልክ ነው፣ መጫኛው ብቻውን ከተንቀሳቀሰ ገና ነው።

በዚህ አማራጭ ላይ ያለን ፍርድ፦ ለረጅምና ከባድ ተሳቢ፣ የኳስ ጫናው ከ13 በመቶ በላይ ለሆነ፣ አንድ ወይም ሁለት ብስክሌት ብቻ ይሁን። የሚያጡትን ጫና ለመመለስ ከባድ ዕቃዎችን ከአክስሉ ወደ ፊት ያዛውሩና እንደገና ይመዝኑ። ክብደት የሚያከፋፍል መጎተቻ ይህን አያስተካክልም። እሱ የሚሠራው ያለውን ጫና ለማከፋፈል ነው፤ የሌለውን አይፈጥርም።

ክንዱ ላይ የሚገጠመው

በአውሮፓ ካምፐሮች ላይ የተለመደው፣ በተሳቢው የፊት ክንድ ላይ የሚታሰረው መጫኛ ነው። የቱሌ «ካራቫን ሱፐርብ» የዚህ ዓይነት ነው፦ ሁለት ብስክሌት፣ በድምሩ 60 ኪሎ ይይዛል፤ የጋዝ ሲሊንደር ሣጥኑን ለመክፈት ወደ ፊት ይጋደማል። ይህ መጋደም ትንሽ ነገር አይደለም። ክንዱ ላይ ጋዝ አለ፣ የቫልቩን እጀታ በችኮላ መዝጋት ሲያስፈልግ ሁለት ከባድ ብስክሌት ፈትቶ ማውረድ አይቻልም። የማይጋደም መጫኛ የሚገዛ ሰው ብስክሌቶቹ ተጭነው እያሉ እጁ ቫልቩ ጋ መድረሱን በተግባር ይፈትሽ። በ60 ኪሎ ገደቡ ውስጥ ሁለት የ28 ኪሎ ብስክሌት ይገባል፤ ሁለት ባለ 35 ኪሎ ግን አይገባም።

ቦታው ከኋላው የተሻለ ነው፤ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያደርገው ንቅናቄ ያንሳል፣ ሾፌሩም በመስተዋት ያየዋል፣ ውዝዋዜንም አይጨምርም። ዋጋው ሁለት ነው። አንደኛው ያሰላነው 64 ኪሎ ነው። ሁለተኛው የመታጠፊያ ቦታ ነው። መኪናው በጠባብ ቦታ ወደ ኋላ ሲታጠፍ የመኪናው ጥግ ወደ ክንዱ ይጠጋል፣ የብስክሌቱ መሪ ወይም ፔዳል ደግሞ ከመጫኛው ወጣ ብሎ ይታያል። ባዶ ሜዳ ላይ ብስክሌቶቹን ጭነው በዝግታ እስከ መጨረሻው ይታጠፉ፣ አንድ ሰው ወርዶ ይመልከት። ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር መቅረት አለበት። ይህ ለጥ ባለ መሬት ነው። መኪናው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባና ተሳቢው ገና ከፍ ብሎ ሳለ ክፍተቱ የበለጠ ይጠባል። የመኪናው የኋላ በር ሙሉ በሙሉ መከፈቱንም እዚያው ይሞክሩ። ፔዳሎቹን መፍታት ብዙ ጊዜ የጎደለውን ሳንቲ ሜትር ይሰጣል፤ የግራው ፔዳል ክሩ በተቃራኒ መሆኑን ያስታውሱ።

ጠጠር መንገድ ላይ የመኪናው የኋላ ጎማዎች የሚወረውሩት ድንጋይ ብስክሌቶቹን በቀጥታ ይመታል። ከመኪናው ኋላ የሚሰቀል የጎማ መጋረጃ ብዙውን ያስቀራል። የሞተሩንና የማርሹን አካባቢ በወፍራም ጨርቅ መጠቅለልም ይረዳል።

መኪናው ላይ

እዚህ አንድ ወጥመድ አለ። በኤሌክትሪክ ብስክሌት ባለቤቶች ዘንድ የሚመሰገኑ ታጣፊ መጫኛዎች፣ ለምሳሌ የቱሌ «ኢዚፎልድ ኤክስቲ 2» በአውሮፓ የሚሸጠው (እስከ 60 ኪሎ፣ ለአንድ ብስክሌት 30 ኪሎ)፣ የሚቆነጥጡት የመጎተቻ ኳሱን ነው። ኳሱን ደግሞ ተሳቢው ይዞታል። መጫኛው ጥሩ ነው፣ ለዚህ ጉዞ ግን ቦታ የለውም። በመኪናውና በተሳቢው መካከል ሁለት ሪሲቨር ያለው ማራዘሚያ አስገብቶ ሁለቱንም ለመጠቀም የሚሞክር አለ። ማራዘሚያው ኳሱን ወደ ኋላ ስለሚገፋው የመጎተቻውን አቅም በብዙ ይቀንሳል። አንመክረውም።

ጣሪያ ላይ መጫን ለቀላል ብስክሌት ይሆናል። 28 ኪሎ ከትከሻ በላይ ማንሳት ግን ለሁለት ሰውም አስቸጋሪ ነው። ብዙ የጣሪያ መጫኛዎች ለአንድ ብስክሌት 20 ኪሎ ገደማ ብቻ ይፈቅዳሉ፤ የመኪናው ጣሪያ ገደብም ብዙ ጊዜ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሲሆን የመጫኛው ብረቶች ክብደት በዚያ ውስጥ ይቆጠራል።

ፒክአፕ ላለው ሰው ግን ከውጭ ከሚሰቀሉት ሁሉ የተሻለው የራሱ የጭነት ሳጥን ነው። ክብደቱ በመኪናው አክስል ዙሪያ ይወድቃል፣ የተሳቢው ሚዛን አይነካም። ብስክሌቶቹን በውስጥ አቁመው በፊት ጎማቸው ማቆሚያ ይግጠሙላቸው። የኋላ በሩ ላይ በሚለበስ ፍራሽ አንጠልጥሎ መጫንም የተለመደ ነው፤ ከባዱ ክፍል ውስጥ ይቀራል፣ የፊት ጎማው ብቻ ወደ ውጭ ይወጣል። ይህ ግን ክንዱ አጭር ለሆነ ተሳቢ አይሠራም፤ ሲታጠፉ የተንጠለጠለው ጎማ ካምፐሩን ይመታል።

ካምፐሩ ውስጥ

ቦታ ካለ የመጀመሪያ ምርጫችን ይህ ነው፤ ከሁሉም ርካሹም እሱ ነው። ብስክሌቶቹ በአክስሉ አናት ላይ ወይም ትንሽ ወደ ፊት ይቆማሉ፣ የኳሱ ጫና ብዙም አይለወጥም፣ ዝናብና ሌባ አያገኛቸውም። የሚያስፈልገው ወለሉ ላይ የሚታሰሩ አራት የብረት ቀለበቶች፣ ሁለት የጎማ ማቆሚያና አራት ቀበቶ ነው። ቀለበቶቹን በእንጨት ብሎን ኮምፔንሳቶ ላይ ብቻ መምታት አይበቃም፤ በኃይለኛ ፍሬን ይነቀላሉ። ወለሉን በስተው ከሥር ሰፊ ሮንዴላ ወይም የብረት ሳህን አድርገው በዳዶ ይሰሩ። ከመብሳትዎ በፊት ከሥር የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የጋዝ ወይም የውሃ ቱቦ አለመኖሩን ተሳቢው ሥር ገብተው ይዩ። ቀዳዳውንም በማሸጊያ ማስቲሽ ይድፈኑ፤ ወለሉ ውሃ ከጠጣ ይበሰብሳል።

በሩ ጠባብ ከሆነ መሪውን በአሌን ቁልፍ አላልቶ 90 ዲግሪ ማዞር ይበቃል። ወደ ውስጥ ለማስገባት ተዳፋት ጣውላ ሲጠቀሙ የብስክሌቱ የመግፊያ ረዳት (በአውሮፓ ሞዴሎች በሰዓት እስከ 6 ኪሎ ሜትር የሚሄደው) ትልቅ እፎይታ ነው። ለዚህ ባትሪው ገብቶ መሆን ስላለበት፣ ባትሪው የሚወጣው ብስክሌቱ ከቆመ በኋላ ነው። በአውራ ጣት የሚሠራ የኃይል መስጫ ያለውን ብስክሌት ግን እንዲህ ሲያስገቡ ይጠንቀቁ። እጅ ሳያስቡት ከነካው ከነሙሉ ክብደቱ ግድግዳውን ይመታል፤ ኃይሉን ዝቅተኛው ላይ ያድርጉት።

አስተሳሰርና ባትሪ

መደብ ባለው መጫኛ ላይ ከባዱ ብስክሌት ሁልጊዜ ወደ ተሽከርካሪው፣ ቀላሉ ወደ ውጭ ይቁም። አንዱ መሪው ወደ ግራ፣ ሌላው ወደ ቀኝ ሲሆን መሪዎቹ አይጋጩም። ሁለቱን ጎማዎች በየቀበቷቸው ካሰሩ በኋላ አንድ ተጨማሪ ቀበቶ ሁለቱን ፍሬሞች አቅፎ ከመጫኛው ዋና ዘንግ ጋር ይታሰር። ይህኛው ቀበቶ የሚያስፈልገው የመጫኛው መንጠቆ የተላላ ዕለት ነው። በራቼት ቀበቶ ፍሬን ገመድ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦ ወይም የፍሬን ዲስክ ላይ በፍጹም አይጫኑ። ዲስክ በጥቂቱ ከጎበጠ በየዙሩ መፋቅ ይጀምራል። የተረፈው የቀበቶ ጫፍ ይቋጠር፤ በነፋስ እየተርገበገበ ቀለም ይልጣል፣ ወደ ጎማ ከገባ ደግሞ ይጎትታል። የብስክሌት ቁልፍ ለሌባ ነው እንጂ እንደ ማሰሪያ አይቆጠርም።

ሙሉውን ብስክሌት የሚሸፍን ትልቅ ሸራ እየሄዱ አይጠቀሙ። ነፋስ ሲሞላው መጫኛውን በኃይል ይጎትታል፣ መብራትም ይጋርዳል። የሚሸፈነው የባትሪው ባዶ ቦታ፣ የመሪው መቆጣጠሪያና የሞተሩ አካባቢ ነው። በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚመጣ ዝናብ ብስክሌት ሲነዱ ከሚያገኝዎት ዝናብ ፍጹም የተለየ ነው፤ የባትሪው መገናኛ ጥርሶች ላይ ገብቶ ያዝጋቸዋል። ለዚህ ተብሎ የሚሸጥ ክዳን አለ፣ ከሌለ በላስቲክ ቀበቶ የተያዘ ውሃ የማያስገባ ጨርቅ ይሠራል። ሲደርሱ ጭቃውን በከፍተኛ ግፊት ውሃ አያጥቡ፤ የሞተሩንና የጎማ ኩሽኔታውን ግራሶ አጥቦ ይወስዳል።

ባትሪው ምንጊዜም ይውጣ። ክብደት ይቀንሳል፦ የቦሽ «ፓወርቱብ 750» ብቻውን ከ4 ኪሎ በላይ ነው። ከንዝረትና ከዝናብም ይድናል። የሚቀመጠው መኪናው ውስጥ፣ ከወንበር ሥር ወይም ወለል ላይ፣ በለስላሳ ቦርሳ ሆኖ፣ ፀሐይ በማይመታው ቦታ ነው፤ ቁልፍና ሳንቲም የመገናኛ ጥርሶቹን እንዳይነኩ ይለዩ። ጋዝ ሲሊንደር ካለበት ሣጥን ውስጥ አይቀመጥ። በፀሐይ የቆመ የተዘጋ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ረጅም ማቆሚያ ካለ ባትሪውን ይዘው ይውረዱ። የወደቀ፣ የተሰነጠቀ ወይም ያበጠ ባትሪ ለጉዞ አይጫንም፣ አይሞላምም።

ካምፕ ላይ ሲሞሉ ሒሳቡን ይወቁ። 500 ዋት ሰዓት ባትሪ በኢንቨርተር (የባትሪን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት መስመር ዓይነት በሚለውጥ መሣሪያ) በኩል ሲሞላ የሚባክነው ተጨምሮ 590 ዋት ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ከ12 ቮልት የካምፐር ባትሪ ይህ 49 አምፔር ሰዓት ነው። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊድ አሲድ ባትሪ በጤና ሊሰጥ የሚችለው ግማሹን ስለሆነ፣ አንድ ብስክሌት መሙላት የሌሊቱን መብራትና ፓምፕ ያሳጣል። ስለዚህ መሙያው የካምፕ ጣቢያው መስመር ላይ ይሰካ፤ በሶላር ከሆነ ፀሐይ ባለችበት ሰዓት ይሁን። ኢንቨርተሩ ንጹህ ሳይን (እንደ ቤት መስመር ለስላሳ ሞገድ ያለው ኤሌክትሪክ) የሚሰጥ መሆን አለበት። ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ የነበረን ባትሪ ሞቅ ሳይል አይሙሉ፤ ሊትየሙ በሴሉ ውስጥ እንደ ብረት ይለጠፍና አቅሙን ለዘለቄታው ያበላሸዋል።

መንገድ ላይ

ከመነሻው ከ50 እስከ 80 ኪሎ ሜትር ሲጓዙ ይቁሙና ሁሉንም ብሎን፣ ቀበቶና መንጠቆ በእጅ ይፈትሹ። የመጀመሪያው መላላት የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ቀበቶ ይረዝማል፣ ጎማ ቦታውን ይይዛል፣ ቀለም ከብሎን ሥር ይደቅቃል። ከዚያ በኋላ ነዳጅ በቀዱ ቁጥር አንዴ ዞር ብሎ ማየት ይበቃል። መጫኛው ከኋላ ከሆነ የተሳቢው ፍሬቻ፣ ስቶፕ መብራትና ታርጋ እንዳልተጋረዱ ከ10 ሜትር ርቀት ቆመው ይዩ። ከተጋረዱ መብራትና የታርጋ ቦታ ያለው ተጨማሪ ሰሌዳ ከተሳቢው ሶኬት ጋር ይገናኝ።

ተሳቢው መወዛወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አይርገጡ፣ መሪውንም በተቃራኒ አያጣሙ። እግርዎን ከነዳጅ ያንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርገው ይያዙ፣ የተሳቢው የኤሌክትሪክ ፍሬን በእጅ የሚሠራ ከሆነ እሱን ብቻ ቀስ ብለው ይጫኑ። ከቆሙ በኋላ ፍጥነት ቀንሶ መቀጠል መፍትሔ አይደለም፤ ከኋላ ያለውን ክብደት አውርደው ወደ ፊት ወይም ወደ ውስጥ ያዛውሩት።

ያገለገለ መጫኛ ለመግዛት ያሰበ ሰው ሦስት ቦታ ይመልከት። ታጣፊው የሚዞርበት የፒን ቀዳዳ ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ከሆነ ተዘርግቷል ማለት ነው፤ ይተዉት። የመንጠቆው ጥርሶች ከተበሉ ብስክሌቱን ይዘው በኃይል ሲስቡት ይንሸራተታል። የዋናው ቱቦ መታጠፊያ ላይ በአዲስ ቀለም የተሸፈነ ብየዳ ካለ ደግሞ ተሰብሮ የተጠገነ ነው፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ ለኤሌክትሪክ ብስክሌት አይሆንም።